ለልምምድ የተላከ ሽማግሌ

ለጋሽ ይርዳው የዓለም ነገር ሁሉ ሁለት ነው፤ ወይ ጠብ ነው፣ ወይ ጋብቻ። ሦስተኛ የለም። ሁለቱም ደግሞ ያለ ሽማግሌ አያልቁም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ፣ እሱ ከተማ ሳይሆን አውቶቡስ መጠበቂያ ነው።

የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ርእሰ ሽማግሌ፣ ክቡር ጋሽ ይርዳው፣ ያላስታረቁት የለም። ሾፌርን ከረዳቱ፣ አማትን ከምራቷ፣ ወፍጮ ቤቱን ከሰፈሩ። አንዴ መብራት አራት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሻማ ሲፈልግ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና "ከማን ጋር ተጣልቶ ነው የሄደው?" ብለው ጠየቁ ይባላል። ኔትወርክ ሲጠፋም፣ ጋራው ላይ ወዳለው የስልክ ምሰሶ ሽማግሌ ይላክ ብለዋል የሚል አለ። ይህን እንኳ ያየ የለም። ቀልድም ይሁን እውነት፣ ንግግራቸውን የሚጨርሱት ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ "በሦስት ሰው የማያልቅ ነገር አላህም አልፈጠረ፣ እግዜርም አልፈጠረ!"

ፈርሂያ ከእኚህ ሰው ጋር በአንድ አጥር ተዋስና ያደገች የውሃ ምህንድስና ተማሪ ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ሞቷል፤ እናቷ ዘሊካ ጅዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጅቷ ሕልም ይወዳታል። ክረምት ሲገባ፣ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ከተማውን ቤት በቤት ሲውጠው፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና ከጉሙ በታች ውሃ ሲሄድ ይታያታል። ከምንጩ ይነሳል፤ በቧንቧ ሸንተረሩን ይሻገራል፤ በየደጁ ይደርሳል። እሷ የመሐንዲስ ቆብ ደፍታ "ክፈቱት!" ትላለች። ውሃው ይመጣል፤ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን ትታጠብበታለች። ሕልሙ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያልቅና ጉም ብቻ ይቀራል።

ሕልም ግን ማህተም የለውም። ትምህርቱን ጨርሳ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የክረምቱ የሁለት ወር የተግባር ልምምድ። የሚቀበላት መሥሪያ ቤት እስከ ሐምሌ አሥራ አምስት ፈርሞ ካላሳወቀ ዓመቱን ትደግማለች። የዘሊካ ውል ደግሞ መስከረም ላይ ያበቃል። "ከጨረስሽልኝ እመጣለሁ" ብላታለች በስልክ፤ "ትደግሚያለሽ ካሉሽ ግን ሌላ ሁለት ዓመት ልፈርም ነው፣ ልጄ።" ስለዚህ ፈርሂያ የምትፈልገው ፊርማ የእናቷ መምጫ ነው።

የዩኒቨርሲቲዋን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልላ በየወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ዞረች። አቀስታ "በጀት ዘግተናል" አሏት። ወረኢሉ ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ፤ በማግስቱም ስብሰባ፤ በሦስተኛው ቀን የስብሰባው ግምገማ። አጅባር "ምነው ባለፈው ሳምንት በመጣሽ!" ብለው ከልባቸው አዘኑላት። እምቢ ያላት ግን አልነበረም። ያገራችን ሰው እምቢ ማለት ነውር ይሆንበታል፤ "አብሽሪ" ነው የሚለው። ሦስት ወረዳ ሙሉ አብሽሪ ሰብስባ፣ በሚኒባሱ መስታወት ላይ ራሷን ደግፋ፣ ውሃ እያለመች ተመለሰች።

የቀራት ከከተማው ጫፍ ካምፕ የሠራው የውሃ ተቋራጭ ነው። የካምፑ አለቃ ኢንጂነር ምንይችል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ስለሆነ አብሽሪ እንኳ አላላትም። "ሁለት የተማሪ ቦታ ነው ያለኝ፤ ሁለቱንም ዋናው መሥሪያ ቤት ሞልቶ ልኮታል። አልችልም፣ እህቴ" አላት።

ያን ዕለት አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ጋሽ ይርዳው ከወዲያ በኩል ሰሟት።

"ከማን ተጣላሽ?"

"ከማንም። ልምምድ ከለከሉኝ።"

"ማንን ላክሽ?"

"ደብዳቤ ነዋ! ከዩኒቨርሲቲው፣ ማህተም ያለው።"

"ደብዳቤ!" አሉ፣ እንደ መረረ ጌሾ ቃሉን እየተፉት። "ወረቀት ጉልበት አለው ተንበርክኮ የሚለምን? ሰው አልላክሽማ!"

"ጋሼ፣ ይሄ ጋብቻ እኮ አይደለም!"

"ጠብ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ጋብቻ ነው" አሉና ጋቢያቸውን ሊያሳጥቡ ገቡ።

በማግስቱ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ከጉሙ ወጥተው ሲሄዱ ታዩ። ከፊት ጋሽ ይርዳው፤ ከኋላቸው ሐጂ አሕመድኑር፤ ሦስተኛው አቶ ፈንታው፣ ሥራቸው "አሜን" ማለት ብቻ ነው። እግራቸው በጉም ተሸፍኖ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። መንገዳቸው ወጣት መሐንዲሶች ወደሚኖሩበት ካምፕ መሆኑ ሲታወቅ ከተማው ሌላውን ራሱ ጨረሰው። ቅቤ ነጋዴዋ ዓባይነሽ ሚዛኗን ጥላ "ሴት ልጅ ወንድ ቤት ሽማግሌ ላከች! በቃ ስምንተኛው ሺህ ገባ!" ብላ ጮኸች። ፈርሂያ ይህን ሰምታ ልታስቆማቸው ሮጠች፤ ስትደርስ ገብተው ነበር። ከኮንቴይነር ቢሮው መስኮት ሥር ተለጥፋ አዳመጠች።

"ተቀመጡ እንጂ፣ አባቶች" ይላል ኢንጂነሩ።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ይርዳው። "የመጣንበትን ሳትሰጠን አንቀመጥም። የልጃችንን ነገር ይዘን ነው የመጣነው።"

"የምን ልጅ? ኧረ አባቶቼ፣ እኔ ቀለበት ያሰርኩላት እጮኛ አለችኝ!"

"አላህ ያቆይልህ" አሉ ሐጂ አሕመድኑር። "እኛ የመጣነው ለውሃው ነው።"

"አሜን" አሉ አቶ ፈንታው።

ኢንጂነሩ ነገሩ ሲገባው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ስለ ሁለቱ ቦታ ማስረዳት ጀመረ። ጋሽ ይርዳው እጃቸውን አነሱ። "ዛሬ መልስ አንቀበልም፣ ልጄ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የገዛ ቤቱን ይንቃል፤ እምቢ የሚል ሰውን ይንቃል። ነገ እንመጣለን።"

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ኢንጂነሩ ነገሩን ሸሽቶ ይሁን ለሥራ፣ ገና ሳይነጋ ሳይት ወጥቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከቆርቆሮው ሥር እስከ ቀትር ቆሙ። የካምፑ ዘበኛ ንጉሡ ሦስት ጊዜ በርጩማ አመጣላቸው፤ ሦስት ጊዜም መርቀው መለሱት። ፈርሂያ ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ይዛ፣ በእፍረት እየነደደች ታያለች። ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ሰዎቹም ካምፑም ውሃ ውስጥ የገቡ መሰላት፤ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ እሷ ወደማትደርስበት የሚፈስ መሰላት።

ማታ "ጋሼ፣ በአላህ ይተውኝ! ከተማው እየሳቀብኝ ነው" አለቻቸው።

"ይሳቅ። ቢስቅ ጥርሱ ይታያል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?"

ሦስተኛው ቀን ሐምሌ አሥራ አምስት ነበር። ሐጂ አሕመድኑርን የትናንቱ ዝናብ በትኩሳት አስተኝቷቸዋል፤ አቶ ፈንታው ለለቅሶ አጅባር ወርደዋል። ፈርሂያ "እንግዲህ ዛሬስ አይሄዱም" ብላ በአጥሩ ብታይ ጋሽ ይርዳው የሉም። እጃቸውን ይዛ ልትመልሳቸው ተከተለች። የቢሮው በር ክፍት ነው፤ ብቻቸውን ቆመዋል። አንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፏል።

"ዛሬ ብቻዎን ነዎት፣ አባቴ" አለ ምንይችል፣ ሳያሾፍ። "ሕጉ ሦስት አልነበረም እንዴ?"

ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። መካነ ሰላም እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

"ልክ ነህ፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ብቻዬን ሽማግሌ አይደለሁም፤ ተራ ሰው ነኝ። እንግዲያስ እንደ ተራ ሰው ስማኝ። የዚች ልጅ እናት የሄደች ዕለት እጄን ይዛ 'ልጄን አደራ' አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሚስት ሳስታርቅ ኖርኩ፤ ለዚች ልጅ አንድ ነገር አላደረግኩላትም። ዛሬ ካልፈረምክላት እናቷ አትመጣም። የሰው አደራ ተሸክሜ እንዴት ልቀመጥ?"

ፈርሂያ እፍረቷ የት እንደገባ አታውቅም። እንባዋን ሳትጠርግ ገባችና አጠገባቸው ቆማ ክንዳቸውን ደገፈች። ዘበኛው ንጉሡም በሩ ላይ ሲሰማ ቆይቶ ኖሮ፣ ዱላውን አስቀምጦ በወዲያኛው ጎናቸው ቆመ። "እኔንም ከሚስቴ ያስታረቁኝ እሳቸው ናቸው፣ ኢንጂነር" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ምንይችል ሦስቱን አያቸው። "ምንሽ ናቸው?" አላት ፈርሂያን።

"አባቴ ናቸው።"

ወጣቱ የእሷን ሂጃብ አየ፤ የሳቸውን ማተብ አየ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ያን በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከጉያዋ የማይለይ ደብዳቤ ተቀበላት። "ሦስተኛ ጠረጴዛ የለኝም። ከእኔ ጋር ሳይት ነው የምትውይው። ቦት ጫማ ፈልጊ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ በፋክስ እልክልሻለሁ።" ፈረመ፤ ማህተሙንም ረገጥ አድርጎ መታው። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ "በሉ አሁን ይቀመጡ፣ አባቴ" አለ።

"ቆይ" አሉ ጋሽ ይርዳው። "ገና አንድ ሰው ይቀራል። ፈርሂያ፣ ደውይልኝ።"

ስልኩን ተቀበሏትና ቀይ ባሕርን በድምፃቸው ብቻ ሊሻገሩ ጮኹ። "ዘሊካ! ይርዳው ነኝ! ልጅሽን ዳርናት!"

"ያ ረቢ! ለማን?"

"ለውሃ! ተፈረመላት! ዓመት መድገም የለ! አሁን የቆምኩት አንቺን ልለምን ነው። ያንን የሁለት ዓመት ወረቀት አትፈርሚም፤ መስከረም ትመጫለሽ። ቃልሽን ሳልሰማ አልቀመጥም።"

ከማዶ የሰው ቤት ሕፃን ሲነጫነጭ፣ ዘሊካም በዐረብኛ ስታባብለው በሩቁ ይሰማል። ፈርሂያ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ ካምፑን፣ ቧንቧዎቹን፣ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖ፣ ዓለም ያቺን ስልክ ብቻ ሆነች።

"ሰማሽኝ ወይ? ቆሜያለሁ!" አሉ ጋሽ ይርዳው፣ አሁን ቀስ ብለው።

"እመጣለሁ፣ ጋሼ" አለች ዘሊካ። "እመጣለሁ። ቁጭ ይበሉልኝ።"

ፈርሂያ ወንበሩን ያዘችላቸው። ጋሽ ይርዳውም ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቁጭ አሉ።