ለካፒቴኑ ዓሦች የወጣ የመብራት ደንብ

ሥልጣኔ ወደ ሌላው አገር በየት በኩል እንደ ገባች አላውቅም፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ግን የገባችው በጣሊያን ዘመን፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ሰባት ቀያይ ዓሦች ሆና ነው። ዓሦቹ የጣሊያኑ ካፒቴን ነበሩ። በመብራት የምትሠራ ትንሽ መኪና ውኃቸው ውስጥ አየር እየነፋች ታንተከትክላቸዋለች፤ እነሱም እልፍኙ መካከል ሆነው አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ አገር ያስተዳድራሉ። እኛ ጎጃሞች እስከዚያች ቀን ድረስ ዓሣ ወጥ እንጂ ሹም መሆኑን አናውቅም ነበር። የሚያስተምር አይጥፋ!

አንድ እንከን ብቻ ነበረ። መብራት የሚሰጠው ሞተር ያለ ቤንዚን አይነሣም፤ ቤንዚኑን ደግሞ አርበኞች መንገድ ላይ እየጠበቁ ያቃጥሉታል። ካፒቴኑ ለሁለት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ራሱ ግራዝማች ብሎ የሾመውን ፈንታን አስጠርቶ በአስተርጓሚ፣ "አንዲት ዓሣ ብትሞት ትሰቀላለህ" አለው። ግራዝማችም እንዲህ ያለ ታላቅ አደራ ስለ ተጣለበት ለጥ ብሎ እጅ ነሣ።

ግራዝማች ፈንታ "አጥንቴ የጠራ ነው" ሳይል እህል የማይቀምስ ጨዋ ነው። ያንኑ ዕለት ደንብ አወጣ። በአንቀጽ አንድ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ዓሣ መሞት ክልክል ሆነ። በአንቀጽ ሁለት፣ ብርድ እንዳይነካቸው ሣጥኑ ጋቢ እንዲለብስ ተወሰነ። አንቀጽ ሦስት አልተጻፈም፤ ሁሉም ጋቢ ፍለጋ ተነሥቶ ነበርና።

"ምነው ግራዝማች፣ ጋቢዬን ወዴት ነው?" አለች ሚስቱ ወይዘሮ ሥራነሽ።

"ዓሦቹ ይበርዳቸዋል።"

"ውኃ ውስጥ ተቀምጠው?"

"የመንግሥት ዓሦች ናቸው፣ አንቺ ሴት!"

"እኔስ ብሆን የግራዝማች ሚስት አይደለሁም?"

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። መኪናዋ ዝም አለች፤ ዓሦቹም ደንቡን ከምንም ሳይቆጥሩ ወደ ላይ ወጥተው አየር አየር ይሉ ጀመር። ግራዝማች አንገቱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። በዚህ መካከል አንድ ዘበኛ፣ "የሚነፋ ነገር ከሆነ የጠፋው፣ የቀጥቃጭ ወናፍ አለ" አለ። የአርበኛ ጠመንጃ ጠገንክ ተብሎ የታሰረው ቀጥቃጩ አንሙት ወዲያው ከነወናፉ ከእስር ቤት ወጣ።

ግራዝማች ግን ብልህ ነው። "ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ዓሦቹን ካየ በዓይኑ ይበላብኛል" ብሎ ግድግዳውን አስበሳና ረጅም ሸምበቆ በቀዳዳው አሳለፈ። አንሙት ከቤቱ ጀርባ ተቀምጦ ሲያናፋ፣ አየሩ በሸምበቆው ገብቶ ውኃውን ያንተከትከዋል። የእስረኛው ሁለት ጠባቂዎችም "እኛንስ ቢበላን?" ብለው ጠመንጃቸውን አጥር ላይ አስደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጠብቁት ጀመር።

"ጌታዬ፣ ክንዴ ሲዝል ማን ይተካኛል?" አለ አንሙት።

"ዝም ብለህ አናፋ! ጨዋ ሰው ወናፍ ይነካል እንዴ?"

"እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውኃው ጸጥ አለ። ግራዝማች እየሮጠ ወደ ጀርባ ቢዞር ወናፉ ብቻውን ተጋድሟል። አንሙት የለም፤ ሁለቱ ጠመንጃዎችም የሉም። ጠባቂዎቹ ግን፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ ከግድግዳው ፊታቸውን አላነሡም ነበር።

"በሉ እናንተ አናፉ! ዓሦቹ ሊሞቱ ነው!"

"ኧረ ግራዝማች፣ እኛም እኮ የጨዋ ልጆች ነን" አለ አንደኛው። "ደግሞስ የሚሰቀሉት እርስዎ ነዎት።"

ግራዝማች ግራ ቀኝ አየና ቁጭ ብሎ ወናፉን ያዘ። ያዘና አሥራ አንድ ቀን አልለቀቀም። ምሳውን በግራው እየጎረሰ በቀኙ ያናፋል፤ የወናፉ ጥላሸት ከጥምጥሙ እስከ ጥፍሩ ወረሰው። የገበያ መንገደኛ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ እያየው ያልፋል፤ ወሬውም በአምበር ገበያ ሁለት ጊዜ ዋለ።

ካፒቴኑ ሲመለስ ሰባቱም ዓሦች በሕይወት ነበሩ። ስለ ጠፋው እስረኛና ስለ ሁለቱ ጠመንጃዎች አልጠየቀም፤ ዓሦቹን አንድ በአንድ ቆጠረና የግራዝማችን ጥቁር እጅ ጨበጠ። ቀጥቃጭ አልነበረውምና፣ ማኅተም ባለው ወረቀት የቀጥቃጭነቱን ሥራ ደርቦ ሾመው።

ግራዝማች ከመሰቀል በመትረፉ ደስ ብሎት፣ ሹመቱን ይዞ እየፎከረ ቤቱ ገባ። ወይዘሮ ሥራነሽ ጡት የሚጠባውን ልጃቸውን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባሏን ባየች ጊዜ ብድግ አለችና የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

"ግራዝማች" አለችው፣ "እባክዎን፣ ልጁን አይዩብኝ።"