ቬርነን ሎው ሽማግሌ አይልክም

[አርብ ገበያ ከተማ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የታፈረ ቤት። ታፈረ ሠላሳ ዓመት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፕ ሲመታ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት የሆናት ሰው ነው። በዲቪዲ የሚያያቸው አሥራ አንድ የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች አሉት። አሥራ አንዱም የአንድ ተዋናይ ናቸው፤ የቬርነን ሎው። አጠገቡ የተቀመጠው ቸሬ ይባላል፤ ገበሬ ነው፣ የሠርጉ ጊዜ ሚዜው የነበረ። ቸሬ ገና ከበር ሲገባ ታፈረ እጁን ይዞ ጎትቶ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠው፤ ለምን መጣህ እንኳ አላለውም።]

ቸሬ፦ ዳማ ነው አልኩህ!

ታፈረ፦ አምባላይ ነው!

ቸሬ፦ ፈረስ ለእኔ ትነግረኛለህ? የለየለት ዳማ!

ታፈረ፦ አንተ ሰው፣ ፊልሙ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ዳማነቱን ከየት አመጣኸው?

ቸሬ፦ አንተስ አምባላይነቱን ከየት አመጣኸው?

[ታፈረ ክርክር ሲከብደው ሪሞት ማንሣት ልማዱ ነው፤ አነሣ።]

ታፈረ፦ ፈረሱን ተወው። ሰውየውን እይ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ አልተፈጠረም።

ቸሬ፦ እሱንማ አየሁት። ይልቅ አያ ታፈረ፣ እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርህ...

ታፈረ፦ ዝም በል! እይ፣ እይ! በሩን ተደገፈ። አየህ? አይናገርም።

ቸሬ፦ ምን ጠፍቶበት ነው?

ታፈረ፦ ምንም አልጠፋበትም!

ቸሬ፦ ታዲያ ሰው በር ላይ ምን ይገትረዋል? ወይ አይገባ፣ ወይ አይወጣ!

ታፈረ፦ ኡኡቴ! የሰውየው ጥበብ እኮ ዝምታው ነው። ሌላው ተዋናይ ግማሽ ሰዓት የሚለፈልፈውን እሱ በአንድ ቅንድብ ይጨርሰዋል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ አንድ ቀን አልሰለቸኝም። ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላውን ተመልከት እስቲ።

ቸሬ፦ እውነት ለመናገር ጥላው ያምራል። ግን ባለፈው ያሳየኸኝ ላይ ይኸው ሰውዬ ሞቶ አልነበር? እኔ እኮ ነፍስ ይማር ብዬ ነው የሄድኩ።

ታፈረ፦ ያ ሌላ ፊልም ነው!

ቸሬ፦ ሌላ ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። ሰባተኛው ላይ ሞተ፣ ስምንተኛው ላይ ሊያገባ ነው። ተዝካሩስ?

[ታፈረ በሆዱ፣ ምን ዓይነቱን ሰው ነው ሚዜ ያደረግሁት፣ አለ። ፊልሙን አቆመና የተዋናዩን ያህል ቀስ ብሎ ተነሣ።]

ታፈረ፦ ስማኝ ቸሬ። ዛሬ ወይዘሮ የሺ ዘንድ እሄዳለሁ።

ቸሬ፦ ጨውና በርበሬ የምትሸጠው የሺ?

ታፈረ፦ አዎ። አግቢኝ ልላት ነው። ብቻዬን።

ቸሬ፦ በስመ አብ! ሽማግሌ ሳይቀድም?

ታፈረ፦ ቬርነን ሎው ሽማግሌ ይልካል? አሥራ አንድ ፊልም አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ሽማግሌ ልኮ አያውቅም። ያላገባት ግን የለችም።

ቸሬ፦ እሱ ዘመድ የለውማ! እስካሁን ባሳየኸኝ ሁሉ አንድ አጎት እንኳ አላየሁለትም። ማን ይሂድለት? አንተ ግን ሰው አለህ። እኔ ራሴ እኮ...

ታፈረ፦ ሽማግሌ ያበላሸዋል። "ልጃችን ጨዋ ነው፣ ጡረታ አለው" ትላላችሁ። ይኼ የሴት ልብ ያንቀሳቅሳል?

ቸሬ፦ ጡረታ? ኧረ በደንብ ያንቀሳቅሳል።

[ታፈረ ሊስቅ ከጀለው፤ ግን አልሳቀም። ቁጭ አለ።]

ታፈረ፦ አራት ዓመት ነው ቸሬ። ቤት ስገባ "መጣህ ወይ?" የሚለኝ የለም። ድስቱን ራሴ ጥጄ፣ ራሴ አውርጄ፣ ለብቻዬ እበላለሁ። እዚህ ቤት ከዲቪዲው በቀር የሚናገር የለም፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ሰለቸኝ። እሷ እንቢ ካለችኝ ሌላ አልጠይቅም፤ እንዲሁ እቀራለሁ።

ቸሬ፦ አይዞህ፣ አትቀርም። ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ጠዋት...

ታፈረ፦ በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ልምምድ እናድርግ። አንተ የሺን ሁን።

ቸሬ፦ እኔ?

ታፈረ፦ ሌላ ሰው አለ እንዴ? በል ጋቢህን ተከናነብ።

[ቸሬ እያጉረመረመ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናነበ። ታፈረ የበሩን መቃን ተደገፈ። ቀኝ ቅንድቡን ሰቀለ፣ ግራ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ወደ አንድ ጎን ሳበና ዝም አለ።]

ቸሬ፦ [ድምፁን አቅጥኖ] ምን ልስጥዎ ወንድሜ? ጨው ነው በርበሬ?

[ታፈረ ዝም።]

ቸሬ፦ ኧረ ቶሎ ይበሉ፣ ገበያተኛ ቆሞብኛል።

[ታፈረ ዝም። ቅንድቡ ትንሽ ጨመረ።]

ቸሬ፦ ጎረቤት! ኧረ የሰው ያለህ!

ታፈረ፦ ምን ያስጮህሃል!

ቸሬ፦ የሺን ሁን አልከኝ፤ የሺን ብሆን እጮሃለሁ።

ታፈረ፦ አትጮህም! ሞክሬዋለሁ እኮ።

ቸሬ፦ ምኑን?

ታፈረ፦ አርብ ለት፣ ገበያው ሞልቶ። ሱቋ ደጃፍ ቆሜ ልክ እንዲህ አድርጌ አየኋት። መስፈሪያው ከእጇ ወደቀ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማርያምን፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ! መቆም አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። ያን ጊዜ ነው ልቧ መቅለጡን ያወቅሁት።

[ቸሬ ጋቢውን ቀስ ብሎ ከራሱ አወረደ። ፊቱ ላይ ነገር የገባው ሰው ፈገግታ መጣ፤ ታፈረ ይህንን ፈገግታ ቸሬ ላይ አይቶት አያውቅም፣ ደስም አላለው።]

ቸሬ፦ አሃ! እሱ ነው ለካ!

ታፈረ፦ ምኑ?

ቸሬ፦ ከቅድም ጀምሮ ልነግርህ ስል አፌን የምትይዘኝ ነገር። ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስንና አያ ካሳን ይዤ እሷ ዘንድ ሄጄልህ ነበር።

ታፈረ፦ ማን ላከህ?

ቸሬ፦ ማንም። ስታገባ ሚዜህ የነበርኩት እኔ፣ ሚስትህን ስትቀብርም አጠገብህ የቆምኩት እኔ። ቤትህ እንዲህ ጭር ብሎ እያየሁ ዝም ልል ነው? በርበሬ ሳያልቅብህ እሷ ዘንድ መመላለስህንም አይቻለሁ። ደጇ ላይ ቆምን። ተቀመጡ አለችን፤ ቃላችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን። ለታፈረ ይሁኑልን አልናት።

ታፈረ፦ ምን አለች?

ቸሬ፦ እሺ አለች።

ታፈረ፦ እሺ አለች! [ዘሎ ቸሬን አንገቱን አቀፈው] አላልኩህም? አላልኩህም? አንድ ቅንድብ እኮ ነው! ሠላሳ ሽማግሌ የማይሠራውን አንድ ቅንድብ!

ቸሬ፦ ቅንድቡማ ነው። እሱንም አንሥታዋለች።

ታፈረ፦ ወይኔ! ቃሏን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።

ቸሬ፦ "ያን የመሰለ ጨዋ ሰው አርብ ለት ደጄ ላይ ምች መትቶት አየሁት። ግማሽ ፊቱ ተጣሞ፣ አንድ ዓይኑ አልከፈት ብሎት፣ አንደበቱ ተይዞ፣ ምን ልስጥዎ ብለው መልስ መስጠት አቅቶት። አንጀቴን በላው። ሚስት የሌለው ሰው ማን ያስታምመዋል? ለነፍሴም ነው፣ እሺ" አለች። ቄሱ እንባቸው መጣ።

[ታፈረ ቅንድቡን በእጁ ዳሰሰ። ፊቱ አሁን የቬርነን ሎውን አይመስልም።]

ታፈረ፦ ምች?

ቸሬ፦ ምች። [ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ቅጠል ፈታ] ዳማከሴ ሰጥታኛለች፣ ከጓሮዋ በእጇ የቀጠፈችው። ጠዋትና ማታ ጨምቆ ይጠጣ ብላለች።

ታፈረ፦ ደህና ነው አላላችኋትም?

ቸሬ፦ እኔማ ደህና ነው ልላት ስል፣ "ድኖ ከሆነማ እሰየው፣ ምን አስቸኮለኝ፤ ለፋሲካ እንነጋገርበታለን" አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሁልጊዜ ዝምታ ጥበብ ነው ስትል ሰምቼ።

ታፈረ፦ ለፋሲካ! ፋሲካ እኮ ገና ስምንት ወር ነው!

[ከውጭ የአጥሩ በር ተንኳኳ። የሴት ድምፅ "እንዴት ዋላችሁ? በሽተኛው እንዴት ሆነ?" አለ።]

ቸሬ፦ ልጠይቀው እመጣለሁ ብላም ነበር። ምን ልበላት? ደህና ነው፣ አርብ ለት ፊልም ሲያጠና ነው ልበላት? ወይስ ግቢ ልበላት?

[ታፈረ ቴሌቪዥኑን አየ፤ በሩን አየ፤ አራት ዓመት ብቻውን የበላበትን ጠረጴዛ አየ። አልጋው ላይ ተጋደመና የቸሬን ጋቢ ነጥቆ እስከ አገጩ ተሸፈነ።]

ታፈረ፦ [በሹክሹክታ] ቸሬ! ቸሬ ወንድሜ!

ቸሬ፦ አቤት።

ታፈረ፦ የጨፈንኩት የትኛውን ዓይን ነበር?