የምዕመናን ድምፅ ኮሚቴ ታላቅ ተጋድሎ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የቆቦዋ ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደ አቶ ፈንታው ያለ ቆራጥ ልጅ በማፍራቷ ልትመሰገን ይገባታል። በዚያ የድርቅ ዘመን ሌላው ሰው ስለ እህል ሲያስብ፣ እሳቸው ስለ ድምፅ ያስቡ ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን የቄሱ ብቻ አይደለችም፤ የሰፊው ምዕመን ናት! ትግላችን ግን ከውስጥ ነው» አሉና ባለ አምስት አባል ኮሚቴ አቋቋሙ። እሳቸውም በአንድ ድምፅ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ድምፁ የራሳቸው ነበር።

ኮሚቴው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጦ፣ ቤተ ክርስቲያኗን የሚመራ ሰብሳቢ ከምዕመኑ ይሁን የሚል ደብዳቤ ለጳጳሱ ሲያረቅ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሦስቱ ሳምንት ያለቀው «እንጠይቃለን» ይባል ወይስ «እናሳስባለን» በሚለው ክርክር ነው። በአራተኛው ሳምንት አዳራሹን የምትጠርገው ታንጉት ገባች።

«ከዋጃ የመጡ ሰዎች መንገድ ዳር ወድቀዋል። ልጆቻቸውን ፀሐይ ፈጃቸው። እዚህ ብናስጠጋቸውስ?»

«አጀንዳ አስይዘሻል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምን አስይዣለሁ?»

«ያልተያዘ አጀንዳ አይነሳም። ደግሞስ እኛ እዚህ የተቀመጥነው ያንቺን ድምፅ ልናሰማ አይደል? በይ ዝም በይ።»

ጳጳሱ መለሱ። «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ምዕመናኑ ሁሉ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ሰብሳቢያቸውን ይምረጡ።» አቶ ፈንታው በደስታ አለቀሱ፤ ኮታቸውንም አስተኮሱ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እጅ ሲቆጠር ለአቶ ፈንታው አራት፣ ለታንጉት አርባ ሦስት ሆነ። ከኮሚቴው አንድ ሰው ከድቷል ማለት ነው።

አንቺ ስትባል የኖረችው ታንጉት ወዲያው አንቱ ሆኑ። ንግግራቸውም አጭር ነበር፤ «አዳራሹን ክፈቱት!» ከቀትር በፊት ስልሳ ሰው ጥላ ውስጥ ገባ።

አቶ ፈንታው ግን የመርሕ ሰው ናቸው። በማግሥቱ አዲስ ደብዳቤ ጽፈው ወደ ቄሱ ወደ አባ ሞላ ሄዱ።

«አባ፣ ሥልጣኑን መልሰው ይውሰዱ። ሥርዓት ሊጠፋ ነው!»

«እኔማ ምን ሥልጣን አለኝ፣ ልጄ? ታግላችሁ ወሰዳችሁት። ለሰብሳቢዋ አቅርብ።»

ታንጉት ሕፃን ታቅፈው ገንፎ ያጎርሱ ነበር። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱላቸው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰዉ እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብብልን።»

ወረቀቱ፣ በአቶ ፈንታው ውብ የእጅ ጽሑፍ፣ «ማንበብ የማትችል ሴት ሰብሳቢ መሆኗ ለቤተ ክርስቲያናችን ውርደት ነውና ትነሣልን» ይላል። አቶ ፈንታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ታንጉት ሰብሳቢያችን በመሆንዎ፣» አሉ ላብ እያጠመቃቸው፣ «የተሰማንን ወሰን የሌለው ደስታ እንገልጻለን።»

ጭብጨባው ቀለጠ።

«ተባረክ!» አሉ ታንጉት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እንዲህ ያለ ቃልማ እዚህ አይቀርም። ሁላችንም እንፈርምበትና ለጳጳሱ ይላክ።»

ደብዳቤውም በዚያው ቀን፣ በአቶ ፈንታው ፊርማና በአርባ ሦስት ሰዎች የአውራ ጣት አሻራ ተደግፎ፣ አንድ ቃል ሳይጎድልበት ወደ ጳጳሱ ሄደ።