ሆክ በዓይኑ ያላያት ሰማያዊ ነጥብ

በየሰፈሩ በዓይኑ ካላየ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ዘነበ ቢሉት እንኳ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። የእኛ ሰፈር ሰው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ክቡር ዶክተር ኬንግ ሆክ። እዚህ ሲንጋፖር ውስጥ ገበያ ስንወርድ፣ የዓሣውን አፍ ከፍቶ ሳያይ ስለማይገዛ ዓሣ ሻጮቹ ገና ከሩቅ፣ «ሐኪማችሁ መጣ፣ አፋችሁን ክፈቱ» እያሉ በዓሣዎቻቸው ይቀልዱበት ነበር። እኔ በሃፍረት እንደማላውቀው እሆናለሁ።

ሥራው አተሞችን ማቀዝቀዝ ነበር። ስትሮንቲየም የሚባል ብረት በትንሽ ምድጃ ይግላል። ከእሱ የሚበሩትን አተሞች የሌዘር ብርሃን ከየአቅጣጫው እየገፋ ያዘገያቸዋል፤ ሲዘገዩ ይቀዘቅዛሉ። በመጨረሻ አየር በሌለው ዕቃ መሐል ተይዘው የመርፌ ጫፍ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ይሆናሉ። ምሳ ሳመጣለት በትንሿ መስኮት ያሳየኛል።

«እትዬ፣ ከዚህ የሚቀዘቅዝ ነገር በዓለም ላይ ስንት አለ መሰለሽ?»

«ሾርባህ እየቀደመው ነው። ብላ።»

ያ የሚሠራበት የሙከራ ክፍል ዛሬ የለም። ሊፈርስ ሲል ተማሪው ኑራይኒ በነጥቧ ላይ የምታደርገው ልኬት ገና አላለቀም ነበር፤ በዚያ ሳምንት ካልጨረሰች የዓመታት ድካሟ መና ሊቀር ነው። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ነጥቧን በካሜራ ያያሉ። እሱ ግን «ካሜራ የሚያየው የታዘዘውን ነው» ይላል፤ ራሱ ሳያያት ልኬት አይጀመርም።

ያን ቀን ሆክ በመስኮቷ አጎንብሶ «የለችም» አለ።

«አለች እኮ፣ ዶክተር።»

«የለችም አልኩሽ።» ሌዘሩን የሚመራውን መስታወት ሲያዞረው ነጥቧ የእውነት ጠፋች። ኑራይኒ እንደገና አበራቻት። እሱም እንደገና አጠፋት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ለሦስተኛ ጊዜ ስታበራ እኔም አጎነበስኩ። ሰማያዊዋ ቁጭ ብላለች። እኔም ዓይኔን ሳልታከም በፊት፣ የዓይን ሞራ አስቀድሞ የሰረቀኝ ሰማያዊን ነበር።

እጅጌውን ያዝኩት። «ሆክ፣ ነጥቧ አለች። ችግሩ ዓይንህ ላይ ነው።»

«ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው?»

«ሞራ ነው። እኔንም ይዞኝ አልነበር?»

ኑራይኒ ያልሰማች መስላ ሽቦ ታስተካክላለች። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቷ መለሰ። ዕድሜ ልኬን በተጠራጣሪነቱ ስቃጠል የኖርኩት እኔ፣ ያን ቀን ምነው በተሟገተኝ አልኩ።

እጁን ከመስታወቱ ላይ አነሳ።

«ኑራይኒ፣ አለች?»

«አለች፣ ዶክተር።»

«ምን ትመስላለች?»

አጎንብሳ ብዙ አየች። «ወደ ግራ ትንሽ ወፈር ብላለች። ዳሯ ለስላሳ ነው። ትንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ረጋች።»

ሆክ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት።

«በይ ጀምሪ» አላት።