የድረ ገጽ ዘር ቆጣሪዋ

የሰማውን ሳያጣራ የማይውጥ አንድ ሰው በየከተማው አይጠፋም። እናንተ ዘንድ ምናልባት ጎረቤት ይሆናል። የእኛ የደብረ ማርቆሷ ግን የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው፦ ክብርት ወይዘሮ ሥራነሽ፣ የኢንተርኔቱ ክፍል እመቤት። "ዝናቡ መጣ" ቢሏቸው "ማን አየ?" እያሉ ነው ወደ መስኮቱ የሚሄዱት።

ተማሪዎችን የኢንተርኔት ፍለጋ ሲያስተምሩ ጥግ ይዤ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሰማለሁ። በቀደም አንዱ ከጉንደ ወይን የመጣ ልጅ "ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ድንች በሽታ ለማወቅ ፈልጌ ነበር" ብሎ ጻፈ።

"ልጄ፣ አማትህ ቤት አይደለህም!" አሉት። "ሰላምታውን ተወው። የድንች በሽታ፣ ጎጃም፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምር፣ በቃ።"

ልጁም ታዝዞ ጻፈና መጀመሪያ የመጣለትን ገጽ ከፈተ።

"መጀመሪያ ያየሃትን ልታገባ ነው?"

ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ተወልደዋልና፣ ድረ ገጽንም ዘሩን ሳይቆጥሩ ጥናት ውስጥ አያስገቡም። ይህ ከማን ቀዳ? ያኛውስ ከማን?

ባለፈው ሰኔ የታሪክ ተማሪዋ ማንጠግቦሽ የመመረቂያ ጥናቷን ይዛ መጣች። ማስረከቢያው ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ካለፋት ምረቃዋ ለከርሞ ነው። ጥናቷ ይጁቤ አጠገብ ስላለች አንዲት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ሚስቱን በሠርጓ ማግስት ጎርፍ የወሰደበት ጎልማሳ፣ ለብቻው፣ በሰባት በጋ የሠራት ድልድይ።

"አምስት ድረ ገጽ ይመሰክራል፣ እትዬ!"

ወይዘሮ ሥራነሽ ከአንዱ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድተው፣ በትእምርተ ጥቅስ አጥረው ፈለጉ። እያንዳንዱ ገጽ የወጣበትን ቀን እያዩ ወደ ኋላ ቆጠሩ።

"አምስቱም ምስክሮችሽ የአንድ አባት ልጆች ናቸው" አሏት። ቀና ብለው ወደ ጥጉ አዩ። "አባትየውም ይኸው እዚህ ተቀምጧል።"

አባትየው እኔ ነኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ የጻፍኩት ታሪክ ነው።

"አቶ እንዳላማው፣ ይህን ማን ነገረዎት?"

"ሉማሜ ሻይ ቤት አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ስለ ጎርፍ ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ሌላውን... ልቤ ነው የጨመረው።"

"ልብዎ ድልድይዋ ስትሠራ ነበረ?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አልቅሼበታለሁ!" አለች ማንጠግቦሽ።

"እኔም ስጽፈው አልቅሻለሁ" አልኳት።

"እንባችሁን ጥረጉና ነገ በማለዳ ይጁቤ ሂዱ" አሉን። "በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልጉ። አንድ ብቻ ጠይቃችሁ ግን እንዳትመጡ!"

ሦስት ሽማግሌ ጠየቅን። "ለብቻው?" ብለው ሳቁብኝ የመጀመሪያው፣ አቶ ፈንታ። "ድንጋዩን ማን አቀብሎት? አባቴም እናቴም የተሸከሙበት የደቦ ሥራ ነው!" ሌሎቹም ሁለቱ፣ ለየብቻ ተጠይቀው፣ ደቦ አሉ። የእኔ ጎልማሳ ከነሐዘኑ እዚያው ወንዝ ዳር ቀረ። ማንጠግቦሽ በማግስቱ ስትጽፍ ውላ በቀኗ አስረከበች። ስሜ ጥናቷ ውስጥ አለ፤ "ያልተረጋገጠ" ከሚለው ሥር።

ጥናቷን በመምህራን ፊት ባቀረበች ቀን ወይዘሮ ሥራነሽ በሥራ ሰዓት ዘግተውት የማያውቁትን ቤተ መጻሕፍት ዘጉ። አዳራሹ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ጆሯቸውን ለበሩ ሰጡ። መምህራኑ "ለመሆኑ ማንን ጠየቅሽ?" ሲሏት፣ ልጅቱ ሳትመልስ እሳቸው የሦስቱን ሽማግሌዎች ስም በሹክሹክታ መጥራት ጀመሩ፤ ሦስተኛው ላይ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

ይህን ማንም አልነገረኝም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።