ሰይፌን ያስጣሉኝ አበጋር

መካነ ሰላም ውስጥ ዐርባ ዓመት የሞላው ሰው ምን ቢጫወት ነውር ይሆንበታል? ካርታ ቢጫወት፣ ዳማ ቢጫወት፣ ጫት ይዞ እስከ መግሪብ አገር ሲያስተዳድር ቢውል ማንም ምንም አይለውም። ኮምፒውተር ላይ ጭራቅ ሲያባርር ከተገኘ ግን የገዛ ሚስቱ ለጎረቤት አትናገርም። እኔ ከነዚህ ስውሮች አንዱ ነኝ። አዘቦት ቀን የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት ካለ፣ የብረት ልብስ የለበስሁ ፈረሰኛ እሆናለሁ። ባለቤቴ ለሚጠይቃት ሁሉ "ሪፖርት እየሠራ ነው" ትላለች። ሪፖርቶቼን ይህን ያህል ያከበረልኝ ሌላ ሰው የለም።

ጨዋታው የሚካሄደው ዝናቡ በማያባራበት የድሮ ፈረንጅ አገር ነው። ሙታን ከመቃብር ይነሳሉ፣ ንጉሡ አብዷል፣ ያገኘኸው ሁሉ ይዋሻል። የሠሩት ሰዎች እንድንፈራ ብለው ገደል አፋፍ ላይ ግንብ አቁመው ዙሪያውን ጭጋግ አልብሰውታል። አምባ መቅደላን ላየ ሰው ግን ያ ግንብ ጎጆ ነው፤ ጭጋጉም ቢሆን እኛ በክረምት ልብስ አልደርቅ ሲለን የምንሰድበው ዓይነት ነው። ታዲያ ለምን ትጫወታለህ ትሉኝ ይሆናል። እዚያ የበደለኝን ሰው አላጣውም፤ ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፎ ይንሳፈፋል።

በእውነተኛው ኑሮ የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ነበር። አባታችን ያረፈው ከላላ፣ ሰይድ ቤት ነው። እኔ ለሥልጠና ደሴ ሄጄ ነበር። በጠዋት ተደወለልኝና ተነሳሁ፤ መኪናው አቀስታ ሳይደርስ ተበላሸ፤ እንደምንም ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰው ተበትኗል። በሃይማኖታችን ሬሳ አይቆይም። ይህን አውቃለሁ፤ የሌላ ሰው ነገር ቢሆን እኔው ራሴ አስረዳ ነበር። ግን ሁለት ሰዓት መጠበቅ ያቅታል? በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ሰይድን "አባቴን ሰረቅኸኝ" አልሁት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ዒድ በመጣ ቁጥር ስልኬን አያለሁ፤ እሱም የራሱን እንደሚያይ እገምታለሁ፤ ማናችንም አንደውልም።

ሼህ እንድሪስ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አበጋር ይባላሉ፤ እሳቸው ከነዚያ አንዱ ናቸው። ስንቱን ገዳይና ስንቱን የሟች ቤተሰብ ባንድ ትሪ ያበሉ ሰው፣ የኔንና የሰይድን ነገር አራት ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም። በአምስተኛው፣ አንድ ቅዳሜ፣ በሩን ክፍት ስላገኙት "አሰላሙ ዐለይኩም" ብለው ሲገቡ ከነሰይፌ ያዙኝ። ምን እየሠራህ ነው አሉኝ። ሪፖርት ልላቸው ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ግን ራስ የሌላቸው ሦስት ሰዎች ተጋድመዋል።

እውነቱን ነገርኋቸው። ያ ተንበርክኮ የሚታየው ዘብ የከተማውን በር ለጠላት ከፍቶ የፈረሰኛዬን አባት አስገድሏል፤ አሁን እጄ ገብቷል፤ ጨዋታው ደግሞ ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል፣ ወይ ግደለው ወይ ትተኸው ሂድ። ሼኹ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ።

"ሦስተኛውስ?"

ሦስተኛ የለም አልኋቸው።

"አጀብ! ይህን ሁሉ ዝናብ የሠራ ሰው አንዲት እርቅ መሥራት አቃተው?"

በሩን ለምን እንደከፈተ ጠይቀኸዋል ወይ አሉኝ። አልጠየቅሁትም። መንደርተኛውንስ? እሱንም አልጠየቅሁም። እንዲህ ያለ ዳኝነት የለም ብለው ፈረሰኛዬን ወደ መንደር አስመለሱኝ። አንድ እንጨት ፈላጭ አግኝቼ አናገርሁት፤ ይህ መንደር የተረገመ ነው አለኝ። ደግሜ አናገርሁት፤ ይህ መንደር የተረገመ ነው አለኝ። ሌላ ነገር ጠይቀው እንጂ ቢሉኝ፣ ሰውዬው የሚያውቃት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፣ ሲሠሩት ሌላ አልሰጡትም ብዬ አስረዳኋቸው።

ሼህ እንድሪስ ከስክሪኑ ዞረው እኔን አዩኝ።

"አራት ጊዜ መጣሁ ሙሄ። አራት ጊዜም 'አባቴን ሰረቀኝ' አልኸኝ። አንተንስ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራህ?"

አፈርሁ። የምመልሰው ብፈልግ የመጣልኝ ያው ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ዋጥሁት።

ለማምለጥ ብዬ ወደ ዘቡ መለስኋቸው። እሳቸውም ሽምግልና ላይ መሣሪያ ተይዞ አይገባም፣ ሰይፉን አስቀምጥ አሉኝ። ሰይፍ መጣያ ቁልፍ አለው፤ እስከዚያ ቀን ነክቼው አላውቅም። ጣልሁ። ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ገና አሚን ሳልል ያ ተንበርካኪ ብድግ ብሎ ፈረሰኛዬን በጩቤ ወጋው። ስክሪኑ ጠቆረና ሞተሃል የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

ያን ጊዜ ፊታቸውን ብታዩ! በሳቸው ዋስትና ደም ፈስሶ አያውቅም። "አፈር ስሆን፣ እኔው ነኝ ያስገደልሁህ" እያሉ ሲንቆራጠጡ፣ አብሽሩ፣ ይመለሳል ብዬ የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንሁ። ፈረሰኛዬ እንደገና ቆሞ፣ ዘቡም እንደገና ተንበርክኮ ታየ። ሼኹም የሞተ እንዲህ ከሚመለስበት አገር እርቅ ባይኖር አይፈረድም፣ ምን ያስቸኩላቸዋል ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። እንዲያ ያለ ቁልፍ ቢኖረኝ ወደዚያ ቀን እመለስ ነበር። ብመለስስ? መኪናው ያው ይበላሻል፣ አባቴም ያው ይሞታል፣ ሰይድም ያው ብቻውን ይቀብረዋል። ብቻውን! ሁለት ዓመት ሙሉ ይህች ቃል ወደ ሐሳቤ መጥታ አታውቅም። አባቱን ሲያጥብ፣ ሲከፍን፣ ወደ ጉድጓድ ሲያወርድ ወንድሙ ከጎኑ አልነበረም። እኔ የተሰረቅሁትን ያህል እሱም ተሰርቋል፤ ልዩነታችን እሱ አለመጮሁ ነው።

በማግሥቱ ሽማግሌ ሳልልክ ከላላ ሄድሁ። ሰይድ ደጁ ላይ ቆሞ አየኝ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው "ወንድም ጋሼ፣ ከብዶህ ነበር?" ብቻ ሆነ።

"አልከበደኝም፤ አባባ ከስቶ ነበር" አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። እንዲያ ለመተቃቀፍ ሁለት ዓመት መፍጀታችን አሁንም ይቆጨኛል።

ከጥቂት ቅዳሜዎች በኋላ ሰይድ ቤቴ በእንግድነት መጣ፤ ሼህ እንድሪስም ያልሠሩትን እርቅ ሊመርቁ መጡ። ምሳ በልተን ስንጨርስ ሰይድ ያን አንተን የገደለ ሰውዬ አሳየኝ አለ፤ ወሬው ደርሶታል። ከፈትሁለት። ዘቡ እንደተንበረከከ ነው፤ ሁለቱ ምርጫዎችም እንዳሉ ናቸው። ሼኹ ስለ ይቅርታ ማስረዳት ጀመሩ። ሰይድ የግደለው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት፤ እሳቸው ሳይጨርሱ ተጫነው።

"ወንድሜን ገድሎ?" አለ ከልቡ ተቆጥቶ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ደም ሲያደርቁ የኖሩት ሼህ እንድሪስ መነጽራቸውን አስተካክለው የወደቀውን ዘብ በደንብ አዩት። ከዚያም ይመለሳል ብለኸኝ አልነበር ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ይመለሳል አልኋቸው።

"እንግዲያው" አሉ እጅጌያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ፣ "አንድ ጊዜ ለኔም ስጡኝ።"