አድማሱ ዘሟል

ፎቶ የሚለጠፍበት ግሩፕ ሁሉ አንድ ወርሳሜ አለው። የሌለው ካለ፣ ገና አባል አላገኘም ማለት ነው። ሌላው ሰው ልብና አበባ ሲልክ ወርሳሜ እርማት ይልካል።

የ«ድሬ በዓይናችን» ቴሌግራም ግሩፕ ወርሳሜ፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ክቡር ወርሳሜ ራሱ ነው። ካሜራ የለውም። አንድ ፎቶ ለጥፎ አያውቅም። የሰው ፎቶ ግን ገና ከመለጠፉ «አድማሱ ዘሟል» ይላል። ግመል ቢሆን፣ ሙሽራ ቢሆን፣ አድማስ በአጠገቡ ያላለፈ የሳምቡሳ ሳህን ቢሆን፣ ፍርዱ አይለወጥም። አንዱ አባት አራስ ልጁን ለጠፈ። ወርሳሜ መለሰ፦ «ማሻአላህ፣ ያሳድግላችሁ። አልጋው ግን ዘሟል።»

ቀመሪያ ይህን ሁሉ ስቃ አሳልፋለች፤ የራሷ ተራ እስኪደርስ ድረስ።

ቀመሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱሪ ትሰፋለች። እሁድ እሁድ ስልኳን ይዛ የድሮ ቪላዎች ያሉበትን የከዚራ ሰፈር ትዞራለች። ግሩፑ ምርጥ ፎቶዎችን አሳትሞ አዳራሽ ሊሰቅል መሆኑን ስትሰማ፣ የአንድ አሮጌ ቪላ በረንዳ ላይ የጠዋት ፀሐይ እስክታርፍ ጠብቃ አነሳች። እናቷ ቢሻሮ ደግሞ የልጇ ፎቶ ሊሰቀል መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። አሁን ቢቀር በየት በኩል ይታለፋል?

ፎቶውን ግሩፑ ላይ ስትለጥፈው ልቡም አበባውም ዘነበ። ከዚያ ክቡርነታቸው መጡ፦

«አድማሱ ዘሟል። በረንዳው ወደ ግራ ሊወድቅ ነው። ሰው ካለ ቶሎ ይውጣ።»

አበባ የላኩት ሁሉ ዞረው የሚስቅ ፊት ላኩ። ቀመሪያ ጨሰች።

«እርስዎ ሊቀ አድማስ! እስቲ አንድ ፎቶ ያንሱና ያሳዩን!»

ድሬ አባትም «አንተ» ይባላል። «እርስዎ» የተባለ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ተጠልቷል። ወርሳሜ ግን ምንም አልመሰለውም።

«እኔ አላነሳም አቦ። እኔ አያለሁ።»

ያያል! ማን እይልኝ አለው? የግሩፑ አስተዳዳሪ ሰይፈ ሚካኤል ጋ ደወለች። «እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ።»

ሰይፈ ሚካኤል ጠብ አይወድም። «ነገ ድምፅ እናሰጣለን። አንቺ ብቻ አዳራሹ የሚሰቀለውን የመጨረሻ ፎቶሽን ዛሬ ላኪ።»

ከሥራ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆና፣ እየተንገጫገጨችና ወርሳሜን እየረገመች፣ «ከዚራ በጠዋት» ብላ ጽፋ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ላከች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

ቤት ገብታ ስትከፍተው ግሩፑ በልብ ተጥለቅልቋል። «ጥልቀት አለው!» «ከዚራን እንዲህ ያየ የለም!» ፓርኩ ውስጥ አጠገቧ የምትሰፋው አያን «ወላሂ እንባዬ መጣ» ብላለች። ሰይፈ ሚካኤል ደግሞ «አልፏል፤ በትልቁ ይታተማል» ብሎ ወስኗል።

ቀመሪያ ፎቶውን ነካችው። የባጃጅ ወለል ነው። ላስቲክ ምንጣፍ፣ የጫማዋ ጫፍ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ባጃጁ ሲንገጫገጭ ጣቷ ስቶ አንስቶ የላከው ነው።

አያን ያለቀሰችው ለልጣጩ ነው? የቪላውን ፎቶ ወደ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ያው ሰዎች፣ ያው «ጥልቀት አለው»። አንዳቸውም ፎቶውን አልከፈቱም። አሁን ንዴቷ መሄጃ ጠፍቶት ተቅበዘበዘ።

ከሁሉ በታች ወርሳሜ ነበር።

«ቀመሪያ፣ ይሄ የባጃጅ ወለል ነው። ተሳስተሽ ነው፤ ሳይታተም ቀይሪው። የቪላው ያምራል፣ ብርሃኑን በደንብ ይዘሽዋል። ትንሽ ብቻ አቅኚው። ይሄኛው ግን እውነቱን ለመናገር፣ አልዘመመም።»

ቀመሪያ ለሰይፈ ሚካኤል ጻፈች፦ «ድምፁ ይቅር። እሱን የሚያስወጣ ካለ እኔን ቀድሞ ያስወጣ።» ከዚያ የቪላውን ፎቶ አቅንታ ላከችው።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ቢሻሮ ሰፈሩን አስከትላ መጣች። ሰዉ ለፎቶው ጀርባ እየሰጠ ራሱን ያነሳል። ወርሳሜ ብቻ በረንዳው ፊት ቆሞ ቀረ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ።

ቀመሪያ ከኋላው ደረሰች።

«አንተ፣ ፍሬሙ ዘሟል። ምን ትገተራለህ? አቅናልኝ እንጂ!»